የባጃጅ ሹፌሩ ቦርጭ

ጉዳዩ የአንድ የ23 ዓመት ወጣት ነው። ተወልዶ ያደገው ሸዋ ሮቢት ነው። አሁን ደብረ ብርሃን ባጃጅ ይነዳል። ስሙን አልጽፍም። "ቦርጬን ይጻፉት ቲቸር፣ ስሜን ግን ይተዉት" ብሎኛል።

እኔ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ሰፈራችን አንድ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ሲሮጥ አየው ነበር። የገና ሰሞን ግን ድንገት ተወው። ለምን ብዬ ስጠይቀው ብሶቱን ዘረገፈው። "ከመስከረም ጀምሬ ነፍሴ እስክትወጣ ሮጥኩ። ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ከዚህ በላይ በምን ላክብደው?"

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። ወጣቱ በስልኩ የሚያያቸው የስፖርት ቪዲዮዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ነው የሚሰብኩት፤ ካላበድክ አልሠራህም፣ ጫናው በጨመረ ቁጥር ስቡ ይቀልጣል። የእኔ ሐሳብ ከዚህ ይለያል። ጫና ጊዜ ይቆጥባል፣ ልብና ሳንባን ያጎለብታል። ቦርጭን በዋናነት የሚወስኑት ግን ሳምንቱን ሙሉ የሠራኸው ድምር፣ ጡንቻህን የሚጠብቅልህ የክብደት ሥራ እና ማዕዱ ናቸው። የዚህን ልጅ ጉዳይ በዝርዝር የምጽፈውም ሦስቱም ስላሉበት ነው።

ሚዛኑና ሜትሩ

ቁመቱ 1.72 ሜትር ነው። ጥር ላይ 78 ኪሎ ይመዝን ነበር። ኪሎውን ለቁመቱ ካሬ ስናካፍለው 26.4 መጣ። 25 እና ከዚያ በላይ ሲሆን የዓለም ጤና ድርጅት ከመጠን ያለፈ ክብደት ይለዋል። ግን ይህ ቁጥር ኪሎው ስብ ይሁን ጡንቻ አይለይም። ቀኑን ሙሉ ኩንታል የሚሸከም ወጣትና ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚነዳ ወጣት እኩል 26.4 ሊወጣላቸው ይችላል።

ስለዚህ ከልብስ ሰፊ ጎረቤቴ ሜትር ተዋስን። የወገብ ልክ ከሱሪ ልክ ጋር አንድ አይደለም። ሱሪ የሚታሰረው ከቦርጭ በታች ነው። ቦርጩ እየገፋ "የሱሪ ቁጥሬ እኮ ያው ነው" የሚል ሰው የበዛው ለዚህ ነው። ትክክለኛው ቦታ በጎን በኩል፣ በመጨረሻው ጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ነው። ሁለቱን አጥንቶች በጣት ዳብሰህ መሃላቸው ላይ ምልክት ታደርጋለህ። ሜትሩ ሳይንጋደድ ዙሪያውን ይዞራል፤ ቆዳ ይነካል እንጂ አይጨምቅም። ከዚያ አየር አስወጥተህ መጨረሻ ላይ ታነባለህ። የእኛ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹን ስቦ ሆዱን አስገባ። "ከማን ነው የምትደብቀው?" ስለው ሳቀ። ሲስቅ ሆዱ ወደ ቦታው ተመለሰ። 93 ሴንቲ ሜትር።

ወገብ ከቁመት ግማሽ አይብለጥ የሚል ቀላል መመሪያ አለ። የእሱ ግማሽ 86 ነው። ሰባት ሴንቲ ሜትር ይተርፋል ማለት ነው።

አንድ ጂም ውስጥ የስብ ፐርሰንት የሚያሳይ ሚዛን ላይም ወጥቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ 24 አለው፣ በማግሥቱ ጠዋት 27። "በአንድ ሌሊት ሦስት ፐርሰንት ስብ?" ብሎ ሊያብድ ነበር። እንዲህ ያለው ሚዛን ስብን በቀጥታ አያይም። በእግር በኩል የማይሰማ ኤሌክትሪክ ይልክና ሰውነት ምን ያህል እንዳገደው ይለካል። ውሃ የሞላው ጡንቻ ያሳልፋል፣ ስብ ያግዳል። ውሃ ያጠረው ሰው ስቡ የበዛ ይመስለዋል። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓትና በአንድ ዓይነት ሁኔታ ካልተመዘኑበት ያሳስታል። እኛ ተውነው። ሜትርና ተራ ሚዛን በቂ ነበሩ።

እስከ ገና የሠራው

ከእሁድ በቀር በየቀኑ ሌሊት 11 ሰዓት ይነሳ ነበር። የደብረ ብርሃንን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ የሚያውቅ ሰው ይህ ብቻውን ምን ያህል ወኔ እንደሚጠይቅ ያውቃል። ሆዱ ላይ ፌስታል ይጠቀልላል፣ በላዩ ሁለት ሹራብ ይደርባል። ከዚያ ሳያቆም ወደ 5 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። አትሌቶች ካለፉት ይከተላቸዋል። "እስከ መታጠፊያው አልለቃቸውም" ይላል፣ በኩራት።

የፌስታሉን ነገር ቶሎ ልዝጋው። ላብ ውሃ ነው። ሲጠጣ ይመለሳል። ስብ ሲቃጠል በአብዛኛው የሚወጣው በትንፋሽ ነው። 10 ኪሎ ስብ ቢቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ከሳንባ ይወጣል፤ የቀረው 1.6 ኪሎ ውሃ ይሆናል። ፌስታሉ ትርፉ ማሳከክ ነው።

አንድ ጠዋት "የዘወትር ሩጫህን ሩጥልኝ" አልኩትና ሲቆም አንገቱ ላይ የልብ ምቱን ለ15 ሰከንድ ቆጠርን። 42 ሆነ። በአራት ሲባዛ 168። ከ220 ላይ ዕድሜውን ስንቀንስ ከፍተኛው የልብ ምቱ በግምት 197 ይሆናል። ግምት ነው፣ ከሰው ሰው በ10 እና ከዚያ በላይ ሊለይ ይችላል። ቢሆንም 168 ማለት ከጣሪያው 85 በመቶ ነው። መካከለኛ የሚባለው ጫና ከ64 እስከ 76 በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ስለዚህ ልጁ "ዘወትር" የሚለው ሩጫ ከባድ ነው።

በማግሥቱ ደግሞ "አሁን የምርህን ሩጥ" አልኩት። የልብ ምቱ 176 ላይ ቆመ። እግሩ አልታዘዘለትም። ትናንት፣ ከትናንት ወዲያም፣ ከዚያ በፊትም አድክሞታል። ሁሉም ቀን አንድ ዓይነት ሆኖበት ነበር። ለቀላል ከብዷል፣ ለከባድ ቀልሏል።

ቦታውም አላገዘውም። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትርን ታልፋለች። ከ1,500 ሜትር በላይ ሲወጣ ሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም ጣሪያው በየ1,000 ሜትሩ በግምት 10 በመቶ ይቀንሳል። ደጋ ላይ የኖረ ሰው እየለመደው ይሄዳል፤ ጉዳቱ ግን ጨርሶ አይጠፋም። በዚህ ላይ ልጁ የሚከተለው ቪዲዮ የተሠራው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። የዚያን ሰው ፍጥነት ጣርማ በር አፋፍ ላይ ልድገም ማለት ሌላ ስፖርት ነው።

ከሩጫው በኋላስ? እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር። ሩጫ በግምት ለአንድ ኪሎ ክብደት፣ በአንድ ኪሎ ሜትር፣ አንድ ኪሎ ካሎሪ ያስወጣል። 78 ኪሎ በ5 ኪሎ ሜትር ሲባዛ 390 ነው። በፍጥነት ሮጠውም ቀስ ብለው፣ ርቀቱ አንድ ከሆነ ሒሳቡ ብዙም አይለወጥም። ልጁ ከሩጫ ሲመለስ ሁለት ቦንቦሊኖና ለስላሳ ይወስድ ነበር። ይህ ከ390 ቢያንስ ብዙም አያንስም። ከዚያ ባጃጁ ላይ ይቀመጣል። ድካሙ ስለሚጫነው ድሮ በእግሩ የሚሄድባትን ምሳ ቤት እንኳ በባጃጅ መሄድ ጀምሯል። ማታ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ድራፍት። ሁለት የቢራ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ይህን ነገር አጥብቆ መክሰስ ከባድ ነው። ግን አልኮል ብቻውን በግራም 7 ኪሎ ካሎሪ አለው፤ ስብ 9 ነው።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልበል። ሩጫው ከንቱ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ ማጠንከሪያ። ልጁ የመጀመሪያውን አልፎታል። ልቡ ተጠቅሟል። ሁለተኛውን ግን ጭራሽ አልነካውም።

ጫናን በተመለከተ የሚታወቀው

ሰፈር ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ምክር ነበር። አንዱ ጓደኛው "ግደለው፣ ስብ በእሳት ነው" ይለዋል። ሌላው "ቀስ በል፣ ስብ የሚቃጠለው በዝግታ ነው" ይለዋል። ሁለተኛው ግማሽ እውነት ይዟል። በዝግታ ሲኬድ ሰውነት ከሚጠቀመው ጉልበት ውስጥ የስብ ድርሻ ይበልጣል። ግን ድርሻው ነው የሚበልጠው። ለአንድ ሰዓት ያወጣኸው ጠቅላላ ጉልበት ትንሽ ከሆነ፣ የትንሽ ነገር ትልቅ ድርሻ ምን ይጠቅምሃል? ደግሞ ስፖርት ላይ ያልተቃጠለው ስብ ማታ ተኝተህ ሊቃጠል ይችላል። የሚቆጠረው የቀኑና የሳምንቱ ሒሳብ ነው።

የመጀመሪያውም ያጋንናል። "ከከባድ ስፖርት በኋላ ሰውነት ቀኑን ሙሉ ያቃጥላል" ይባላል። ያቃጥላል፣ ግን ትንሽ ነው። ስፖርቱ ራሱ ካስወጣው ከ6 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ነው። ለእኛ ልጅ ሩጫ ከ60 ኪሎ ካሎሪ አይበልጥም።

ሁለቱን የሥልጠና ዓይነቶች ያወዳደሩ ሙከራዎችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ትንተና አለ። አጭርና ከባድ የፍጥነት ሥራ በአንድ ወገን፣ ረዘም ያለ መካከለኛ ሥራ በሌላው። ሰዎቹ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ነበር፤ ሥልጠናው በአማካይ ለ10 ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው። ሁለቱም ስብንም የወገብ ልክንም ቀነሱ። በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ከባዱ ግን 40 በመቶ ያህል ያነሰ ጊዜ ወሰደ። ልብ የምትል ነገር ደግሞ አለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ኪሎ ብዙም አልተለወጠም። ሚዛኑን ብቻ ያየ ሰው "አልሠራልኝም" ብሎ ያቆም ነበር።

በየጂሙ የሚጠራው "ታባታ" የመጣውም ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 ከታተመ ጥናት ነው። ወጣት ወንዶች በብስክሌት 20 ሰከንድ በሙሉ ኃይል ይሠራሉ፣ 10 ሰከንድ ያርፋሉ፤ ይህ ሰባት ስምንት ጊዜ ይደጋገማል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ትንፋሻቸውም የአጭር ጊዜ ኃይላቸውም ጨመረ። ጥናቱ የታወቀው በዚህ ነው። ስለ ቦርጭ የሚወራው በኋላ የተጨመረ ነው።

የለወጥነው

ሳምንቱን በታተንነው። ማክሰኞ ከባድ፣ ዳገት ላይ። ሰኞና ሐሙስ ክብደት። ረቡዕ፣ አርብና ቅዳሜ ሶምሶማ ወይም ፈጠን ያለ እርምጃ። እሁድ እረፍት።

ዳገቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ዱብ ዱብ ይላል። ከዚያ 30 ሰከንድ ሽቅብ ይሮጣል፣ በእርምጃ ይወርዳል። ታች ሲደርስ "እንዴት ነህ?" እለዋለሁ። "ደህና ነኝ ቲቸር፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ ከጨረሰ አልሮጠም ማለት ነው። "ደህ..." ብሎ እጁን ካወዛወዘ ልክ ነው። ስምንት ጊዜ ይደግማል። ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

የከበደው ግን ይህ አልነበረም። የቀላል ቀኑ ነው። መመሪያው አንድ ነው፤ ማውራት ትችላለህ፣ መዝፈን አትችልም። በደጋው አየር ይህ ማለት ለእሱ ከሩጫ ይልቅ ወደ እርምጃ ይቀርባል። ጭነት የያዙ እናቶች ሲያልፉት አፈረ። "ሰው ምን ይለኛል?" አለኝ። ሰው ምንም አላለውም። የልብ ምቱ 144 ሲሆን ግን በማግሥቱ እግሩ አልተሳሰረም፤ ከሩጫ መልስ የሚይዘው ያ የተኩላ ረሃብም ቀለለው። ቦንቦሊኖው በቆሎና በእንቁላል ተተካ። የገብስ ቆሎ ማለቴ ነው፣ የአገሩ።

ለክብደት ሥራ ጂም አያስፈልግም ነበር። 20 ሊትር የሞላ ጄሪካን 20 ኪሎ ነው። ሁለቱን ይዞ መራመድ፣ አንዱን ደረት ላይ አቅፎ ስኳት መሥራት፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ሆድ መሳብ፣ ፑሽ አፕ። በየሳምንቱ አንድ ሁለት ድግግሞሽ መጨመር። ባጃጅ ሲነዳ የሚቆረጥመው ወገቡ በዚህ ቀለለት። ይህን እሱ ነው የነገረኝ፣ እኔ አልጠበቅኩትም።

የካቲት ላይ ሁዳዴ ሲገባ ሚዛኑ 77፣ ወገቡ 90 ነበር። አንድ ኪሎ ብቻ፣ ግን ሦስት ሴንቲ ሜትር። ሚዛኑን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ሜትሩን ሲያይ ፈታ አለ።

ሁዳዴ

ልጁ ይጾማል። እስከ 9 ሰዓት ምንም አይቀምስም። 55 ቀን ነው፣ ቀላል አይደለም። ብዙ ወጣት በዚህ ጊዜ ወይ ስፖርቱን ይተዋል፣ ወይ "አጋጣሚው ነው" ብሎ ባዶ ሆዱን በሩጫ ይጨርሰዋል። ሁለተኛው ኪሎ ይቀንሳል። የሚቀንሰው ግን ስብ ብቻ አይደለም፣ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል።

እኛ ከባዱን ሥራ ወደ ማታ 11 ሰዓት ወሰድነው፣ በልቶ ሁለት ሰዓት ካለፈው በኋላ። ስምንቱን ድግግሞሽ ወደ አምስት አወረድን። የክብደት ሥራውን ግን አልነካንም። ምግብ ሲያንስ ሰውነት ጡንቻውን እንዳይበላ "ይሄ ያስፈልገኛል" የሚያሰኘው እሱ ነውና።

ሌላው ፕሮቲን ነው። ካናዳ ውስጥ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ነበር። ወጣት ወንዶች ለአራት ሳምንት ከሚያስፈልጋቸው ካሎሪ 40 በመቶ ተቀንሶባቸው በሳምንት ስድስት ቀን በጣም ከባድ ስፖርት ሠሩ። ግማሾቹ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 2.4 ግራም ፕሮቲን አገኙ፣ ግማሾቹ 1.2። የመጀመሪያዎቹ 4.8 ኪሎ ስብ ሲቀንሱ 1.2 ኪሎ ስብ ያልሆነ ሰውነት ጨመሩ። ሁለተኛዎቹ 3.5 ኪሎ ስብ ቀነሱ፣ ስብ ያልሆነው ግን ባለበት ቆየ። ስፖርቱ አንድ ነው፣ ጫናው አንድ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከሳህኑ ነው።

በጾም ይህ እንዴት ይሆናል? 1.6 ግራም በኪሎ እንኳ ብናስብ ለእሱ በቀን ወደ 125 ግራም ይደርሳል። ባቄላ፣ ምስርና ማሾ በደረቁ ሩባቸው ገደማ ፕሮቲን ነው። በእነሱ ብቻ ለመሙላት በቀን ግማሽ ኪሎ ጥሬ መጨረስ አለበት። የሰው ሆድ አይችለውም። የተስማማነው ሽሮው ይወፍር፣ ምስሩ በእንጀራው ልክ ይሁን፣ ማታ ደግሞ ንፍሮ አይቅር በሚለው ነው። እናቱ ከሮቢት ማሾ ላኩለት፤ ያ አካባቢ ማሾ አያጣም። 125 አልደረሰም። ከበፊቱ ግን በእጅጉ ተሻለ።

በጾሙ መካከል ቤተሰቡን ሊጠይቅ ወረደ። እዚያ ማለዳ ሲሮጥ ትንፋሹ አልተቆራረጠም። "አየሩ ወፍራም ነው" አለኝ በስልክ። ጸሐይ ከወጣች በኋላ ሲሞክረው ግን ሙቀቱ የልብ ምቱን መልሶ ሰቀለው። ሰውነት ሲግል ልብ ለጡንቻ ብቻ ሳይሆን ለቆዳም ደም መላክ አለባት። በደቂቃ ይህን ያህል ሩጥ የሚል ፕሮግራም ለሮቢትም ለደብረ ብርሃንም አንድ ሊሆን የማይችለው ለዚህ ነው።

ለፋሲካ ዋዜማ ሚዛኑ 75፣ ወገቡ 87 አለ። ከበዓሉ አንድ ሳምንት በኋላ 77። ስልክ ደወለልኝ፣ ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ነው። ሁለት ኪሎ ስብ ለመጨመር ከሚያስፈልገው በላይ ወደ 15,000 ኪሎ ካሎሪ መብላት ይጠይቃል። ዶሮ ወጡ ምንም ቢበረታ እዚያ አይደርስም። ጡንቻና ጉበት ስኳር ሲያከማቹ ለእያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ አብረው ይይዛሉ። ጨውም ውሃ ይይዛል። ሆድ ውስጥ ያለው ምግብም ይመዝናል። ወገቡን ለካነው፣ 87 ተኩል። በቃ፣ ሚዛኑን ለሁለት ሳምንት ደበቅነው።

ግንቦት መጨረሻ

75.5 ኪሎ። ወገብ 86.5። ስናይ ከጥር ወዲህ የወረደው ኪሎ ሁለት ተኩል ነው፣ ወገቡ ግን ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ጠብቧል። ሁለት ጄሪካን ይዞ መንገዱን ሳያሳርፍ ይጨርሳል። ድሮ 168 ያደርሰው የነበረው ፍጥነት አሁን 150 አካባቢ ላይ ይይዘዋል። ጣሪያው ያው ነው፣ ሥራው ነው የቀለለው።

ብዙ ነገር በአንዴ ስለለወጥን ይህ በዳገቱ ነው፣ ያ በማሾው ነው ብሎ መክፈል አይቻልም። ጾሙ ራሱ የበኩሉን አድርጓል። አንድ ነገር ግን በእርግጠኝነት እላለሁ። ከባድ የሚሠራበት ቀን ከስድስት ወደ አንድ ወርዶ ነው ይህ የመጣው።

ድራፍቱን አልተወም። ቅዳሜ ማታ ብቻ አድርጎታል፣ እኔም አልጨቀጨቅኩትም።

ክረምቱ ሲገባ ዳገቱ ጭቃ ስለሚሆን የማክሰኞውን ሥራ ወደ አንድ ፎቅ ደረጃ አዛውረነዋል። 30 ሰከንድ ሽቅብ፣ በእርምጃ ቁልቁል። ከባጃጅ ተራው ሁለት ጓደኞቹ መጥተዋል። አንደኛው ደረጃውን ከልጁ ጋር ጀምሯል፣ በአራት ድግግሞሽ። ሁለተኛው ግፊት አለበት። ሐኪም አይቶት እስኪፈቅድለት ድረስ እሱን በእርምጃና በቀላል ጄሪካን ይዤዋለሁ፣ አምስት ሊትር።